የስም ዕዳና የስም ስንቅ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የአንድ ሰው ጠባይና ስሙ ሲገጣጠሙ ታይቶ፣ በአግራሞት ነው። ነገር ግን በውስጡ አንድ የማምለጫ ቀዳዳ አለ። ስሙን ያወጣው መልአክ ከሆነ ወላጆች ከኃላፊነት ነጻ ናቸው ማለት ነው። ልጁ አድጎ «ይህን ስም ስለምን ሰጣችሁኝ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ወደ ሰማይ ይመራል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ መልአኩን ለጊዜው ዕረፍት ሰጥቼ ጥያቄውን ወደ ምድር ለማውረድ እሞክራለሁ። ሰው ገና ላልተወለደ፣ ፈቃዱን ሊጠይቀው ለማይችል ሌላ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን የሚሸከመውን ቃል ሲመርጥ ታማኝነቱ ለማን ነው? ካለፉት ለተቀበለው ቅርስ ነው ወይስ ልጁ ነገ ለሚሄድበት መንገድ?

ለዚህ ጥያቄ ያነሣሣኝ ከሁለት ዓመት በፊት ከጀርመን አገር፣ ከኮሎኝ ከተማ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ደሴ አብረን ያደግን፣ ለትምህርት እንደ ሄደ በዚያው ቀርቶ ጀርመናዊት ያገባ ወዳጄ ነው። ባለቤቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። «አንተ ከቃል ጋር የምትኖር ሰው ነህና ምከረን» ይላል። «ባለቤቴ የልጃችን ስም የጀርመን ወገኖቿን የሚያስታውስ እንዲሆን ትሻለች። አማቴ ደግሞ የአባታቸው ስም፣ ፍሪድሪኽ፣ እንዲወጣ ይፈልጋሉ። እኔ በበኩሌ እናቴ ደሴ ሆና ሳትኮላተፍ እንድትጠራው፣ ልጁም ነገ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ስሙን ፊደል በፊደል ሲያስረዳ እንዳይውል እፈልጋለሁ። ቅርሱን የሚያከብር፣ ለጉዞም የሚመች ስም ፈልግልን።»

ደብዳቤውን ስቀበል ነገሩን እንደ ቀላል እንቆቅልሽ ነበር የቆጠርሁት። ከጀርመን ስሞች መካከል ለአማርኛ አፍ የሚመቹትን መርጦ፣ በእንግሊዝኛ የማይበላሹትን ለይቶ መላክ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መሰለኝ። ዝርዝሩንም ጀመርሁ። ዳሩ ግን ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር «ቅርስ» የሚለውም ቃል፣ «መመቸት» የሚለውም ቃል በእጄ ላይ እየሟሟ ሄደ። የጀርመን ቅርስ ሲባል የትኛው ቅርስ ነው? የሚመች ሲባልስ ለማን ጆሮ ነው የሚመቸው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ተራ በተራ እንመልከት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጀርመን ስሞች ታሪክ እንደ መሬት የተነባበረ ነው። ከሥር ያለው ንብርብር ክርስትና ከመግባቱ በፊት የነበረው የጥንቶቹ ጀርመናውያን ስም ነው። ይህ ስም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቃላትን አጋጥሞ የሚሠራ ሲሆን፣ ቃላቱም የጦርነት፣ የሥልጣንና የክብር ቃላት ናቸው። ቪልሄልም ፈቃድንና የራስ ቁርን፣ ሉድቪግ ዝናንና ውጊያን፣ ጌርትሩድ ጦርንና ብርታትን፣ ኮንራድ ድፍረትንና ምክርን ያጣምራሉ። የወዳጄ አማት የተመኙት ፍሪድሪኽም ሰላምና ኃያልነት የተጋቡበት ስም ነው። የእኛን ግዛውን፣ ናደውንና ደምሴን ለሚያውቅ ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው በጦር ዘመን ለልጁ ጋሻ የሚያበጀው ከቃልም ጭምር ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ንብርብር ከክርስትና ጋር የመጣው ነው። ዮሐንስ፣ ኤልሳቤጥ፣ ሚካኤል፣ ዮሴፍ ከኢየሩሳሌም ተነሥተው በግሪክና በላቲን አድርገው ጀርመን ገቡ፤ ገብተውም አገሬው ሆኑ። ዮሐንስ በሕዝብ አፍ ተፈጭቶ ሐንስ ሆነ። ሐንስም በገበሬውና በእጅ ሠራተኛው ዘንድ ከመዛመቱ የተነሣ፣ ዛሬ «ጀርመናዊ ስም ጥራ» የተባለ የውጭ አገር ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው እርሱን ነው። ከሉተር ተሐድሶ በኋላ፣ በተለይም በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን፣ የሃይማኖት መነቃቃት ሌላ ንብርብር ጨመረ። ትራውጎት፣ ማለትም «በእግዚአብሔር ታመን»፣ ፉርኽተጎት፣ ማለትም «እግዚአብሔርን ፍራ»፣ ጎትሊብም እንዲሁ የአምላክን ፍቅር የያዘ ስም ሆኖ በየቤቱ ተሰማ።

እነዚህ ንብርብሮች በአንድ ሰው ስም ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት በ1756 በሳልዝቡርግ የተወለደውን ሞዛርትን መመልከት ይበቃል። ሲጠመቅ በላቲን የተመዘገበለት ስም ዮአኔስ ክሪሶስቶሙስ ቮልፍጋንጉስ ቴዎፊሉስ የሚል ነው። ይህን ወደ እኛ አጠራር ብንመልሰው ዮሐንስ አፈወርቅ ቴዎፍሎስ ይሆናል፤ የአንድ የጎጃም ደብር መምህር ስም በመሰለ ነበር፣ በመካከሉ ተኩላ የሚለውን ቃል የያዘው ቮልፍጋንግ ባይገባበት። ቴዎፍሎስ የሚለውን የግሪክ ስም አባቱ ወደ ጀርመንኛ መልሶ በደብዳቤው ጎትሊብ ብሎ ጻፈው። ልጁ አድጎ በየአገሩ ሲዘዋወር አማዴ ብሎ ፈረመበት። ዓለም ደግሞ አማዴዎስ ብሎ ያዘው። አንድ ስም አራት ቋንቋ ለበሰ፤ ትርጉሙ ግን አልተለወጠም።

ጉዞው ወደ ውስጥ ብቻ አልነበረም። የታላቁ ንጉሥ የካርል ስም በፈረንሳይ ሻርል፣ በእንግሊዝ ቻርልስ፣ በስፔን ካርሎስ ሆነ። ፖላንዶች፣ ቼኮችና ሩሲያውያን ለ«ንጉሥ» የሚሉት ቃል ከዚሁ ሰው ስም የወጣ ነው። ሉድቪግ ሉዊ ሆኖ በፈረንሳይ ዙፋን ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ ድንበር ያልተሻገረ፣ ከሌላ ጋር ያልተቀላቀለ ንጹሕ የጀርመን ስም ፍለጋ የወጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ቅርሱ ራሱ የጉዞ ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ አቁሞ «እንግዲያውስ ሁሉም ስም ጥሩ ነው፣ ደስ ያላቸውን ያውጡ» ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ይህን መቀላቀል በሕግ ለመነጠል የተነሣ መንግሥት በዚያው አገር ነበረ። ናዚዎች ኦገስት 17 ቀን 1938 ባወጡት ድንጋጌ፣ የአይሁድ ወገን የሆነ ጀርመናዊ ሁሉ ስሙ ባለሥልጣኖች «የአይሁድ ነው» ብለው ከዘረዘሩት ውስጥ ካልሆነ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1939 ጀምሮ ወንዱ «እስራኤል»፣ ሴቷ «ሣራ» የሚል ተጨማሪ ስም እንዲሸከም ተገደደ። አበው የባረኩበት ስም የማሳደጃ ምልክት ሆነ። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ብዙ የአይሁድ ቤተሰቦች ጀርመንን አገራችን ብለው፣ ልጆቻቸውን በጥንቱ የጀርመን ተረት ጀግና ስም ዚግፍሪድ ይሏቸው ነበር። በ1889 በፍራንክፈርት የተወለደው ደራሲና የፊልም ሐያሲ ዚግፍሪድ ክራካወር አንዱ ነው። ይህ ሁሉ ፍቅር አላዳነውም፤ በ1933 አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በአንጻሩ የዚያ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር የነበረው ጎብልስ ስሙ ዮሴፍ ነበር፤ የያዕቆብ ልጅ ስም። የስም ንጽሕና የሚፈልግ ሰው በመጨረሻ የራሱን ስም መፋቅ ይኖርበታል፤ እነርሱ ግን የፋቁት የሌላውን ነው።

የታሪክ ፍርድ በስሞችም ላይ ያርፋል። አዶልፍ የሚለው ስም ለብዙ ዘመን እንደ ማንኛውም ስም የተለመደ ነበር። ዛሬ ሕግ ሳይከለክለው ከጀርመን ሕፃናት መካከል ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ለዚህ ስም ድምፁ አልከበደም፣ ፊደሉም አላስቸገረ፤ ለጉዞ የከለከለው ባለቤቱ የሠራው ሥራ ነው። በሌላ በኩል ከናዚዎች ጋር ታግለው በሞት የተቀጡት ሶፊ ሾልና ወንድሟ ሐንስ በ1943፣ የሃይማኖት ሊቁ ዲትሪኽ ቦንሁፈር በ1945 ስማቸውን አክብረው አለፉ። ሶፊ የግሪክ ቃል ነው፣ ሐንስ የዕብራይስጥ፣ ዲትሪኽ የጥንት ጀርመንኛ። በሥራ የተገኘው ክብር የቃላቱን ዘር አልጠየቀም።

ይህን ካሰላሰልሁ በኋላ ዝርዝሩን ቀድጄ ለወዳጄ አጭር መልስ ጻፍሁ። «ስም ከመፈለጋችሁ በፊት አማትህን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ፍሪድሪኽ ማን ነበሩ? ፍሪድሪኽ የሺለርም፣ የኤንግልስም ስም ነው፤ በስሙ ላይ አንዳች ነውር የለበትም። እናንተ ግን ልጃችሁን የምትሰይሙት በሺለር ሳይሆን በአንድ የምታውቁት ሰው ነው። ታውቁታላችሁ ወይ?»

መልሱ ወራት ፈጀ። እስኪመጣ ድረስ ሁለተኛውን ጥያቄ፣ የመመቸትን ነገር፣ ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ።

ለጉዞ መመቸት ላይ ላዩን ሲያዩት የአፍ ጉዳይ ነው። ዩርገንና ጉንተር በጀርመንኛ ሲጻፉ በአናታቸው ላይ ያለውን ሁለት ነጠብጣብ ድንበር ሲሻገሩ ይጥሉታል። ዮሐን በእንግሊዝኛ አንባቢ ፊት ሲደርስ ጆሐን ይሆናል። የእኛ ፊደል ኽ ስላለችው ከጉሮሮ የሚወጣውን የዮኸንን ድምፅ ሳይቸገር ይጽፈዋል፤ የነጠብጣቦቹን ድምፅ ግን አያገኘውም። ስለዚህ በሁሉም ዘንድ ቀላል፣ በሁሉም ዘንድ ከባድ የሆነ ስም የለም፤ እያንዳንዱ ጆሮ የለመደውን ቀላል፣ ያለመደውን ከባድ ይላል።

ሥር ሥሩን ሲያዩት ግን መመቸት የኃይል ሚዛን ጉዳይ ነው። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ጀርመናውያን ሽሚትን ስሚዝ፣ ሙለርን ሚለር ሲያደርጉ ከፊሉ ለኑሮ እንዲቀል ብሎ ነው፤ ከፊሉ ግን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀርመናዊ መባል ስለሚያስፈራ ነው። በካናዳ በርሊን ይባል የነበረ ከተማ በ1916 ኪችነር ተባለ። በ1917 የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ የጀርመን መጠሪያውን ትቶ ዊንድዞር ተሰኘ። በባለ ዙፋን ላይ እንኳ የሕዝብ ጆሮ እንዲህ ከበረታ፣ ሻንጣውን አንግቦ ወደብ ላይ በቆመው ስደተኛ ላይ እንዴት እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም። ሆኖም ሁሉም ስም አልተሸነፈም። አይዘንሐወር የተባለው የጀርመን ቤተሰብ ስም ፊደሉን ጥቂት አሻሽሎ አይዘንሐወርነቱን እንደ ያዘ ቆየ፤ በኋላም የዚያ ቤት ልጅ በምዕራብ አውሮፓ ናዚን ድል ያደረገውን ሠራዊት መራ።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ከ1949 እስከ 1990 በነበረችው በምሥራቅ ጀርመን ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ማንዲ፣ ሮኒ፣ ፔጊ፣ ማይክ ይሏቸው ነበር። ሰዎቹ ወደማይሻገሩት ዓለም ስሞቹ ተሻገሩ። የአየርላንዱ ኬቪን ደግሞ በ1991 በጀርመን ለወንዶች ልጆች ከሚወጡ ስሞች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ከዚያስ? በ2009 በኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ ጥናት የአንደኛ ደረጃ መምህራንን በጠየቀ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ኬቪን የሚለውን ስም ሲሰሙ ገና ልጁን ሳያዩ ረባሽና ደካማ ተማሪ አድርገው እንደሚገምቱት ታየ። ልብ እንበል፤ ኬቪን ለአፍ የሚያስቸግር ስም አይደለም። በየአገሩ በቀላሉ የሚጓዝ ስም ነው። የተሰናከለው በድንበር ላይ ሳይሆን በመማሪያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ነው። ያሰናከለውም ወላጆቹ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው የሚለው የመደብ ግምት ነው።

እኛም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ኦሮምኛ ወይም ሌላ የብሔረሰብ ስም ይዞ የመጣ ልጅ «ይህስ ለመጥራት አይመችም» ተብሎ የአማርኛ ስም የተሰጠበት ዘመን ነበር። ያ መምህር ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ልጁን የጠቀመው መስሎት ነው። ያደረገው ግን የራሱን ጆሮ ስንፍና የልጁ ጉድለት አድርጎ መመዝገብ ነው። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችም እንደ ደረሱ የዕብራይስጥ ስም እየተሰጣቸው፣ እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ቤት ውስጥ ቀርቷል። «የሚመች ስም» ሲባል ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት፣ ከሁለቱ ወገን እንዲታጠፍ የሚፈለገው ማን ነው የሚለው ነው።

ይህን ስል ግን ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ አልፈልግም። «እንግዲያውስ እጅግ የከበደውን የአያት ስም እናሸክመው፣ ዓለም ይማረው» የሚል ወላጅ ለኩራቱ የሚከፍለው ልጁን ነው። ልጅ የወላጁ ሐውልት አይደለም፤ ለወላጁ ክርክር የሚሰለፍ ወታደርም አይደለም። በጀርመን አገር ስም በመዝገብ ሹም ፊት ቀርቦ ይመዘገባል። ሹሙ ስሙን የሚመዝንበት ዋናው ሚዛን የልጁ ደኅንነት ነው፤ ልጁን መሳለቂያ የሚያደርግ ስም ሊከለከል ይችላል። ይሁን እንጂ ሚዛኑ ራሱ መመዘን እንዳለበት በ2008 ታይቷል። ወላጆች ለሴት ልጃቸው ኪራን የሚል የሕንድ ስም ሰጥተው፣ ስሙ ጾታን አይለይም ተብሎ በተከለከለ ጊዜ፣ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ስም የግድ ጾታን ማሳየት አለበት የሚል ሕግ እንደሌለ ፈረደ። የልጅ ደኅንነትና የለመድነው ልማድ አንድ እንዳልሆኑ የመለየት ፍርድ ነበር።

ታዲያ ሁለቱም ወገን እኩል የሚታጠፉበት፣ ስም በእውነት የሚጓዝበት መንገድ አለ? አለ፤ ጀርመንና እኛ ራሳችን ከዚህ በፊት ሄደንበታል። በ1652 የወሎው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ከተማ ተጋብዘው ሄዱ። የጠራቸው በሮም የተዋወቃቸው፣ ግዕዝና አማርኛ ከእርሳቸው የተማረው የኤርፉርቱ ተወላጅ ሂዮብ ሉዶልፍ ነበር። ሂዮብ ማለት የእኛው ኢዮብ ነው። ኢዮብና ጎርጎርዮስ ስም ለስም ሲጠራሩ ከሁለቱ አንዱም አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሉዶልፍም ከአባ ጎርጎርዮስ ያገኘውን ዕውቀት በስማቸው አክብሮ በመጻሕፍቱ ገለጸ፤ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። በዚያ ግንኙነት ውስጥ ስሞቹ የተጓዙት ቀላል ስለነበሩ ብቻ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ስም ለመማር ጆሮውን ስለሰጠ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ከአንሐልት የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ሳንደር በአገራችን ቤተሰብ መሥርቶ ነበር። ልጁ ካታሪና፣ በአገር ስሟ ወለተ ኢየሱስ፣ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ይሠሩ ከነበሩት አንዱ የሆነውን የክራኮውን ተወላጅ ሞሪትዝ ሆልን አገባች። መቅደላ በተያዘችበት በ1868 ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስሟም ማግዳሌና ተባለ። ጀርመናዊ ሲሰማው የቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ የእኛ ሰው ሲሰማው ተራራው ያስተጋባል። ያ ስም ከመቅደላ ወደ ያፋ ተሻገረ። የማግዳሌና የልጅ ልጅ በ1921 ለንደን ተወለደ፤ እርሱም ተዋናዩና ጸሐፌ ተውኔቱ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። አያቱ ስሟን ስትሰማ ተራራውን የሚያስታውስ ሰው በአጠገቧ እስካለ ድረስ፣ ስሟ ሁለት አገር ይዞ ይሄድ ነበር። የሚነግር ሰው ሲጠፋ ግን ያው ስም አንድ ውብ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ የወዳጄ ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰኝ። አማቱ ሰማንያን የተሻገሩ፣ በጦርነቱ ዘመን የተወለዱ ሴት ናቸው፤ የወዳጄ ባለቤትም የመጨረሻ ልጃቸው ናት። «ፍሪድሪኽ ማን ነበሩ?» ሲባሉ መጀመሪያ ተቆጡ። አባታቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ ለልጆቻቸው ከእንጨት መጫወቻ ይፈለፍሉ ነበር፤ ወደ ጦር ግንባርም አልዘመቱም። ከዚያ ወዲያ የሚነገር ነገር የለም አሉ። ከሳምንታት በኋላ ግን ራሳቸው ልጃቸውንና አማቻቸውን ጠርተው አስቀመጧቸው።

አባታቸው የአንዲት ትንሽ ከተማ የመዝገብ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ፣ እርሳቸው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነው፣ ለአባታቸው ምሳ ይዘው ሄደው በተከፈተ የልደት መዝገብ ላይ ዓይናቸው ዐረፈ። በኅዳጉ ላይ፣ በአባታቸው በሚያውቁት ውብ የእጅ ጽሕፈት፣ «እስራኤል» የሚል ቃል ተጨምሮ ነበር። በሌላው ገጽ «ሣራ»። እንደገና «እስራኤል»። ከሥሩ ያ ጭማሪ ውድቅ መሆኑን የሚገልጽ የኋላ ዘመን ማስታወሻ ነበረ፤ እርሱም በዚያው እጅ የተጻፈ ነው። አባታቸው መዝገቡን ዘግተው ምሳቸውን በሉ። አባትና ልጅ እስከ መጨረሻው ስለዚያ ቀን አልተነጋገሩም።

«አባቴን እወደዋለሁ» አሉ እናትየው። «ስሙ ለልጁ እንዲወጣ የፈለግሁት እንዳይረሳብኝ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ስሙን ብሰጥ ከመንገር የምድን መስሎኝ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ካነበብሁ በኋላ እኔ የምጨምረው ብዙ አልነበረም። የጥያቄው ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ቅርስን በስም ማክበር ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ስንቅ ነው፤ ልጁ ከየት እንደመጣ አውቆ ወደ ፈለገበት እንዲሄድ የሚሰጠው የመንገድ ምግብ። ሁለተኛው ዕዳ ነው፤ ትልልቆቹ ያልተናገሩትን፣ ያልጠየቁትን፣ ያላለቀሱለትን ነገር በውብ ድምፅ ጠቅልለው በሕፃን ጀርባ ላይ የሚጭኑት። ሁለቱን የሚለያቸው የስሙ ርዝመት ወይም ዘር አይደለም። የሚለያቸው የሰጪው አንደበት ነው። ታሪኩን ለመናገር የተዘጋጀ ሰው የሰጠው ከባድ ስም ይቀላል፤ ታሪኩን ለመደበቅ የተሰጠ ቀላል ስም ይከብዳል።

ታሪክ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ማስተዋል አለበት እንጂ ነገሩ የጀርመኖች ብቻ አይደለም። እኛም በአያቶቻችን ስም ስንጠራ፣ ከስማቸው ጋር የሠሩትን ግፍም፣ የተሠራባቸውንም ግፍ የመጠየቅ ልማድ የለንም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። ከመቃብር በላይ የሚውለው ግን መልካሙ ክፍል ብቻ እንዲሆን እንሻለን።

በነገራችን ላይ የወዳጄ ባለቤት የወለደችው ሴት ነው። ስለዚህ የፍሪድሪኽ ጥያቄ በመዝገብ ሹሙ ፊት ሳይነሣ ቀረ፤ በቤታቸው ግን አልቀረም። ልጅቱን በአያቷ ስም ዮሐና አሏት። አያትየው መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ ልጃቸው ግን «የተከበረው መናገርሽ ነው» ብላ ጸናች። ዮሐና የሐንስና የዮሐንስ እኅት ስም ናት። የጀርመን ገበሬ ይጠራታል፤ ሥሯ የዕብራይስጥ ሆኖ «እግዚአብሔር ጸጋውን ሰጠ» ማለት ነው። ናዚዎች በድንጋጌ ሊነጣጥሏቸው ከሞከሯቸው ከሁለቱ ወገኖች የትኛውም የእኔ አይደለችም አይላትም። ፈላስፋዋ ሐና አሬንትም በ1906 ስትወለድ የወጣላት ስም ዮሐና ነበር። ደሴ ያሉት የወዳጄ እናት ስሙን በስልክ እንደ ሰሙ፣ ማንም ሳያስጠናቸው፣ «ዮሐናዬ» ብለው ጠሩ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሐና ቢላትም ልጅቱ አይጠፋባትም፤ ምክንያቱም ስሟ በጉዞ የተለወጠባቸውን አገሮች ሁሉ የሚነግራት ቤት አላት። ወላጆቿ የአያትየውን ታሪክ፣ የመዝገቡንም ኅዳግ ጭምር፣ በደብተር ጽፈው አስቀምጠውላታል። ስታድግ ትቀበለዋለች፤ ከፈለገችም ስሟን የመለወጥ መብቷ የራሷ ነው።

እንግዲህ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች፣ በተለይም ለመምህራንና ለጥበብ ሰዎች፣ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። ስም አውጥተን የምናበቃው በክርስትና ወይም በመዝገብ ቀን አይደለም። መምህር በየማለዳው ስም ሲጠራ ያንን ልጅ እንደገና ይሰይመዋል። በቅጡ ከጠራው ስንቁን ይጨምርለታል፤ አጣሞ ወይም አሳጥሮ ከጠራው ዕዳውን። ኬቪን ብሎ ሲጠራ ፊቱን የሚያጨፈግግ መምህርና «የሚመች ስም ልስጥህ» የሚል መምህር አንድ ስሕተት ይሠራሉ፤ ሁለቱም ሳይጠይቁ ፈርደዋል። ስለዚህ ያልለመድነው ስም በመዝገባችን ላይ ባገኘን ጊዜ፣ ለመጥራት ከመቸኮላችን በፊት ልጁን አንድ ጊዜ፣ ካስፈለገም ሁለት ጊዜ፣ «እናትህ እንዴት ብላ ነው የምትጠራህ?» ብለን እንጠይቀው።